የሰፈር ዕድር አገልግሎት ግምገማ፦ ከመግባትዎ በፊት ዳኛውን ይዩ

ዕድር ልግባ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ወርኃዊ መዋጮውን፣ ቀጥሎም በሞት ጊዜ የሚከፈለውን ገንዘብ ነው። ሁለቱም መጠየቅ አለባቸው፤ የዕድሩን ጥንካሬ ግን አይነግሩም። በአዲስ አበባ እኩል መዋጮ የሚሰበስቡ፣ እኩል ድንኳንና ወንበር ያላቸው ሁለት ጎረቤታም ዕድሮች ይኖራሉ። ሌሊት ሰው ሲሞት አንደኛው ሳይነጋ ድንኳን ይጥላል፤ ሁለተኛው እስከ ረፋድ ድረስ የመጋዘን ቁልፍ የያዘውን ሰው ይፈልጋል። ልዩነቱ ያለው ዳኛው ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ የምንገመግመው ዕድርን እንደ አገልግሎት ቢሆንም ዓይናችን የሚያርፈው ክፉ ቀን ሲመጣ በሚመራው ሰው ላይ ነው።

አሠራሩ የታወቀ ነው። ሞት የደረሰበት ቤተሰብ ለዳኛው ወይም ለጸሐፊው ይነግራል። ጸሐፊው መዝገብ ገልጦ ሟች ለአባሉ ምኑ እንደሆነና ውዝፍ መኖር አለመኖሩን ያያል። ለፋፊው ጥሩምባውን ይዞ በየመንደሩ እየዞረ የሟችን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል፤ አሁን አሁን በስልክ መልእክትም ይነገራል። ወጣቶቹ የድንኳኑን ብረት፣ ሸራና አግዳሚ ወንበሩን ያወጣሉ፤ ሴቶቹ ብረት ድስቱን፣ ሰሃኑንና ብርጭቆውን ቆጥረው ይረከባሉ። ድንኳኑ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሠልስት ይቆያል። የቀብር ማስፈጸሚያው ለአባሉ፣ ለትዳር ጓደኛና ለልጅ ሙሉ ሲሆን ለወላጅ፣ ለወንድምና ለእህት በብዙ ዕድሮች ዝቅ ይላል። ይህን ደንቡ ላይ አንብቡት፤ ሐዘን ቤት ውስጥ የሚነሣ ጠብ ብዙውን ጊዜ ከዚች አንቀጽ ነው የሚመጣው።

ጎበዝ ዳኛ የሚለየው በጥቃቅኑ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ ንብረት ያዡ ዘንድ፣ ሌላው መጋዘኑ አጠገብ የሚኖር አባል ቤት ይቀመጣል። በክረምት የተመለሰ ሸራ ሳይደርቅ አይታጠፍም፤ እርጥቡ ከታጠፈ በሳምንታት ውስጥ ይሻግታል፣ ስፌቱ ይለቃል፣ ቀጣዩ ሐዘንተኛ ዝናብ ይገባበታል። የድንኳኑ ብረቶች ጫፋቸው ላይ ቀለም ተቀብተው ቀይ ከቀይ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ ይገጠማሉ፤ ያኔ ልምድ የሌለው ልጅ እንኳ በጨለማ በባትሪ መብራት ይተክላቸዋል። መጋዘኑን አስከፍታችሁ ብረቱንና ሸራውን ማየት አያሳፍርም። ደስ ብሎት የሚያሳይ ዳኛ ካጋጠማችሁ ግማሹን መልስ አገኛችሁ።

ትልቁ ፈተና ግን ገንዘቡ ነው። ለምሳሌ 200 አባላት በወር 100 ብር ቢያዋጡ 20,000 ብር ይሰበሰባል። ለአንድ ሞት 15,000 ብር የሚከፈል ከሆነ አንድ ሰው በሞተበት ወር 5,000 ብር ይተርፋል። በአንድ ወር ሦስት ሰው ቢሞት ግን 45,000 ብር ይወጣል፤ ጉድለቱ 25,000 ብር ነው። የአምስት ደህና ወሮች ትራፊ በአንድ ወር አለቀ ማለት ነው። ደካማው ዳኛ እዚህ ላይ ሦስተኛውን ሐዘንተኛ “እስኪሰበሰብ ታገሥ” ይለዋል፣ ወይም ማንንም ሳያማክር ግማሹን ይሰጠዋል። ያ ቤተሰብ አይረሳውም፤ ወሬው በሰፈሩ ሲዳረስ ሰው መዋጮ ማቆየት ይጀምራል፣ ካዝናውም የበለጠ ይሳሳል። ጠንካራው ዳኛ ሦስተኛውንም እንደ መጀመሪያው ሙሉ ይከፍላል። ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ ጉባኤ ይጠራል፣ በባንክ ያለውን ገንዘብ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ጉድለቱን ለ200 አካፍሎ ለአንድ ጊዜ ብቻ 125 ብር ተጨማሪ መዋጮ ይጠይቃል፣ ውሳኔውን በቃለ ጉባኤ ያስፈርማል። ሰው ቁጥሩን ሲያውቅ ይከፍላል። ለሦስት ሞት የሚበቃ ገንዘብ ሳይነካ እንዲቀመጥ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ የጻፈ ዕድር ደግሞ እዚህ ጭንቀት ውስጥ ቀድሞም አይገባም።

የዋጋ ንረቱም ሌላ ፈተና ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ አሠራር ከተለወጠ ወዲህ ብር ብዙ ዋጋ አጥቷል፤ ዘይቱም ሸራውም እንደ ድሮው አይገዛም። ከዓመታት በፊት የተወሰነውን ክፍያ እስካሁን ያልነካ ዕድር ሐዘንተኛውን ለብድር እያጋለጠው ነው። ዳኛው መዋጮ እንጨምር ብሎ መነሣት ሊከብደው ይችላል፤ ጡረተኛውና የቀን ሠራተኛው ያጉረመርማሉ። ቢሆንም ክፍያውን በየዓመቱ ለጉባኤ ማቅረብ ግዴታው ነው። ለማይችሉት የተለየ የመክፈያ ጊዜ መስጠት ይቻላል፤ ዝም ማለት ግን አይቻልም።

ዕድሮች ከዚህም የከፋ አይተዋል። ኤችአይቪ ኤድስ ብዙ ወጣት በቀጠፈበት ዘመን ካዝናዎች ተራቆቱ፤ በአዲስ አበባ አንዳንድ ዕድሮች ያኔ ደንባቸውን አሻሽለው ለታመመ አባል መርዳትንና ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍን ጨመሩ። ለመቅበር የተቋቋመ ማኅበር በሕይወት ያለውን እንዲያስታምም ሐሳብ ያቀረቡት ሰዎች፣ ስለ በሽታው በግልጽ መናገር ነውር በነበረበት ጊዜ ነው የተናገሩት። በእኛ ዕይታ የዕድር መሪነት ከፍተኛው ደረጃ ይህ ነው። ኮሮና ሲመጣ ደግሞ ፈተናው ተገለበጠ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ፣ በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ተሰብስቦ ማልቀስ መደበኛ ሥራው ለሆነ ዕድር ይህ ከባድ ነበር። የበረቱት ዳኞች ድንኳኑን አስቀርተው ገንዘቡን እቤት ድረስ አደረሱ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን በስልክ እንዲጠየቅ አደረጉ። ለቅሶ ለመድረስ የመጣን ሽማግሌ ከደጅ መመለስ ቀላል አይደለም፤ ይህን ሳያስቀይሙ ማድረግ የቻሉት ከፊትም የተከበሩት ናቸው።

ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው ባሉበት ዕድር ዳኛው አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ አለበት። የሙስሊሙ ቀብር አይቆይም፤ ስለዚህ ገንዘብ ያዡ የባንክ መከፈት ሳይጠብቅ የሚሰጠው መጠባበቂያ በእጁ መኖር አለበት። ምግቡም ሁሉም የሚቀምሰው ይሁን፤ ንፍሮ፣ ዳቦ፣ ሽሮና አትክልት ማንንም አያገልም።

ደካማ ጎኑን እንናገር። በብዙ ዕድሮች ዳኛው የተከበሩ አባት ስለሆኑ ሒሳብ አሳዩን ማለት እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ይህ ለእሳቸውም አይበጅም፤ አንድ ቀን ገንዘብ ቢጎድል ንጽሕናቸውን የሚያሳይ ወረቀት አይኖራቸውም። ገንዘብ ከባንክ በሦስት ፊርማ የሚወጣ፣ ተቆጣጣሪ ኮሚቴው በየስድስት ወሩ ሪፖርት የሚያነብና የዳኛው የሥራ ዘመን የተወሰነ መሆኑን ጠይቁ። መቀጮም አለ። ቀብር ላይ በስም ጥሪ የቀረ ይቀጣል፣ ተገቢም ነው፤ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛንና ሕመምተኛን የማይለይ መቀጮ ግን ድሃውን ያባርራል። ሴቶቹ ምግቡንና ዕቃውን ተሸክመው ኮሚቴው ውስጥ አንድም ወንበር የሌላቸው ዕድሮችም አሉ፤ እዚያ መዋጮ እንዴት እንደሚባክን የሚያውቀው ሰው ድምፅ የለውም።

ይህ ሁሉ ተቆጥሮም ግቡ እንላለን፤ በሦስት ቀን ውስጥ ይህን ያህል ሰው፣ ዕቃና ገንዘብ አንድ ቤት ደጃፍ የሚያቆም ሌላ አገልግሎት ከተማው ውስጥ የለም። ተከራዮች ግን ሁለት ነገር አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የመጀመሪያው፣ ከተመዘገባችሁ በኋላ ክፍያ ሳታገኙ የምትቆዩበት ጊዜ ስንት ወር እንደሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ቤት ቀይራችሁ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ብትሄዱ አባልነታችሁ ይቀጥል እንደሆነ ነው። መልሱን ከዳኛው አፍ ብቻ አትቀበሉ፤ አንቀጹን ያሳዩአችሁ፣ የደንቡንም ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ።