ጠርሙሱ ወይስ ዘይቱ? የሞተር ዘይት አዲቲቮችን ከምን ጋር እናወዳድራቸው

አዳማ ውስጥ ዘይት ለመቀየር ወደ መለዋወጫ ሱቅ የገባ ሰው ዘይቱንና ፊልትሮውን ብቻ ይዞ መውጣት ይቸግረዋል። ሻጩ ከመደርደሪያው አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አዲቲቭ (ዘይት ላይ የሚጨመር ፈሳሽ) ያነሳና "ይቺን ይጨምሩባት፤ ሞተሩን አዲስ ታደርገዋለች" ይላል። ጭስ የሚያጠፋ አለ፣ ፍትጊያ የሚቀንስ አለ፣ የሚንጠባጠብ ዘይት የሚያቆም አለ፣ ሞተር የሚያጥብ አለ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከላቸው፣ በእጅ ያለውን አሮጌ ሞተር ማቆየት የብዙ ቤተሰብ ጭንቀት ሆኗል። ጠርሙሷም የምትሸጠው በዚህ ጭንቀት ላይ ነው።

ጠርሙሷን ምንም ካለማድረግ ጋር ካወዳደርናት አንድ ጥቅም አናጣላትም። ትክክለኛው ንጽጽር ግን ያው ገንዘብ ለዚያው ሞተር ሌላ ምን ሊገዛለት ይችል ነበር የሚለው ነው። ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም። እኔ በገዛሁባቸው ጊዜያት ግን የአንዷ ጠርሙስ ዋጋ ከአንድ ሊትር ጥሩ ዘይት ብዙም አይርቅም ነበር።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ጥሩ ዘይት ራሱ አዲቲቭ አለበት። በጣሳው ውስጥ ካለው ከመቶ 10 እስከ 30 የሚሆነው ፋብሪካው ቀምሞ የጨመረው ነው። ጥቀርሻ የሚያጥብ የካልሲየም ወይም የማግኒዚየም ውህድ፣ የታጠበው እድፍ ተመልሶ እንዳይጣበቅ አንሳፎ የሚይዝ፣ አረፋ የሚከለክል፣ ብረት ከብረት ሲነካካ መከላከያ ሽፋን የሚሠራ የዚንክና የፎስፈረስ ውህድ ይገኙበታል። ሁሉም እርስ በርሳቸው ተመጥነው ነው የሚገቡት። በዚያ ላይ ያልታወቀ ፈሳሽ መጨመር፣ ተቀምሞ ባለቀ ወጥ ላይ እንግዳ መጥቶ ሌላ ቅመም እንደሚጨምርበት ነው። ሆንዳ በመመሪያ መጽሐፎቹ ላይ የዘይት አዲቲቭ እንደማያስፈልግና የሞተሩን አሠራርና ዕድሜ ሊጎዳ እንደሚችል ጽፎ የሚያስጠነቅቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጭስ ማጥፊያው ከቫልቮላ ጎማ ጋር

በብዛት የሚሸጠው ይህ ነው፤ እኔም ገንዘቤን ያባከንኩት በዚሁ ነው። ቶዮታ ዲኤክሴ ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ትተፋ ጀመር። ወፍራሙን ጭስ ማጥፊያ ጨመርኩ፤ ጭሱ ቀነሰ፤ ደስ አለኝ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመለሰ። ሁለተኛ ገዛሁ፣ ሦስተኛም ገዛሁ።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ዘይቱን የሚያወፍር ረጅም ሰንሰለት ያለው ውህድ ነው። የወፈረ ዘይት በተበላው ክፍተት ውስጥ ሾልኮ ለመግባት ስለሚከብደው ጭሱ ይቀንሳል። ነገር ግን ሰንሰለቱ በሞተሩ ውስጥ ሲፈጭ እየተበጣጠሰ ይሄዳል፤ ውፍረቱም አብሮ ይጠፋል። እስከዚያው ድረስ ደግሞ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ የወፈረው ዘይት ወደ ላይኛው ክፍል የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ሞተሩ ዘይት መብላቱ አልቆመም ማለት ነው፤ የተደበቀው ምልክቱ ነው።

በመጨረሻ አንድ አረጋዊ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ሞተሩን ከማየታቸው በፊት፣ "ልጄ፣ የምትጨሰው መቼ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ጠዋት ብቻ፣ ለደቂቃ ያህል ስላቸው ጥርጣሬያቸው ከፋሻ (ፒስተኑን ከሚከብበው የብረት ቀለበት) ወደ ቫልቮላ ጎማ (ዘይት በቫልቮላው ዘንግ በኩል እንዳይወርድ ወደሚከለክለው) ዞረ። ሌሊቱን የደረቀውን ጎማ እያለፈ ወደ ሲሊንደር የወረደ ዘይት ነው ጠዋት የሚቃጠለው። ጎማዎቹ ተቀየሩ፤ የጠዋቱ ጭስ ቆመ። ሦስቱ ጠርሙሶች ላይ ያወጣሁትን ከጎማዎቹ ዋጋ ጋር ሳስተያየው ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ጭስ ማጥፊያ ከመግዛትዎ በፊት በዚያው ገንዘብ የሞተርዎን በሽታ ይወቁ። በአቀበት ጉልበት ሲጠየቅ ወይም ሲነዱ ሳያቋርጥ ሰማያዊ የሚጨስ ከሆነ ፋሻ ያስጠረጥራል። ያኔ መካኒኩ ካንዴላዎቹን አውልቆ በኮምፕሬሽን መለኪያ ይለካ፤ ቀጥሎ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጨምሮ ደግሞ ይለካ። ቁጥሩ ከፍ ካለ የተበላው ፋሻ ወይም ሲሊንደር ነው፤ ዝቅ እንዳለ ካልተንቀሳቀሰ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ቫልቮላው ዘንድ ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ የሞተሩን የውስጥ ትነት ወደ አየር መሳቢያው የሚመልሰውን ትንሹን የፒሲቪ ቫልቭ ይዩት። እሱ ሲደፈን ጤነኛ ሞተርም ዘይት ይበላል፤ ማጽዳቱ ወይም መቀየሩ ደግሞ ከጥገናዎች ሁሉ ርካሹ ነው።

ስንት እንደሚበላም ይለኩ። ዘይቱን እስከ ሙሉው ምልክት ይሙሉ፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ይንዱ፣ ለመሙላት የፈለገውን ይመዝግቡ። ቶዮታ በመመሪያ መጽሐፎቹ የሚያስቀምጠው ጣሪያ በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ነው። ግማሽ ሊትር የማይሞላ ከሆነ በእኔ ግምት ጠርሙስም፣ ሞተር ማውረድም አያስፈልግም፤ እየሞሉ መንዳት ይበቃል። መጽሐፉ የሚፈቅድ ከሆነ ወደ ወፍራሙ 20ደብሊው50 (በጣሳው ላይ የሚጻፍ የውፍረት ደረጃ ነው) መሻገርም ከጭስ ማጥፊያ ይሻላል፤ ይህ በፋብሪካ ተመጥኖ የወፈረ ነውና። መጋቢት ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ከዚህ ወደ ወለንጪቲና መተሐራ ቁልቁል ለሚወርድ አሮጌ ሞተር ምርጫዬ እሱ ነው።

ፍትጊያ ቀናሹ ከአየር ፊልትሮ ጋር

እዚህ ምርቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ እውነተኛ ማለስለሻ ነው፤ ሥራውን አልክድም። ነገር ግን ብዙ ጥሩ ዘይቶች የሞሊብዲነም ውህድ አስቀድሞ አላቸው፤ የሚጨመረው ጥቅም ጠባብ ነው። በቴፍሎን ስም የሚሸጡት ላይ እምነት የለኝም። የአሜሪካ የፌደራል ንግድ ኮሚሽን ስሊክ 50 የተባለውን ምርት ማስታወቂያዎቹ ማስረጃ የላቸውም ብሎ ከሶት፣ ጉዳዩ በ1997 እ.ኤ.አ. በስምምነት ተዘግቷል። በ2001 እ.ኤ.አ. ዚማክስ በተባለው ላይ ያቀረበው ክስ ይበልጥ ያስደነግጣል። አምራቹ ራሱ ባስደረገው ፍተሻ፣ ምርቱ የተጨመረበት ዘይት ካልተጨመረበት ይልቅ የብሮንዚናን (የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከመውን ስስ ብረት) በዝገት መበላት ከእጥፍ በላይ አሳይቷል ይላል።

የአዳማ ሞተር ዋና ጠላት ግን ሌላ ነው። ከከተማው ዳር ያሉትን የነፋስ ማመንጫዎች የሚያዞረው ነፋስ አቧራውንም ወደ መኪናችን ያመጣዋል። አቧራ ውስጥ ያለው የአሸዋ ቅንጣት በሲሊንደሩና በፋሻው መካከል ከገባ እንደ ሞረድ ይሠራል፤ ይህን የሚያስቆም ጠርሙስ የለም። የሚያስቆመው በደንብ የሚገጥም የአየር ፊልትሮ ነው። ፍትጊያ ቀናሽ ሊገዙ ከሆነ፣ መጀመሪያ የፊልትሮውን ቤት ከፍተው ከፊልትሮው ወዲያ ባለው ቱቦ ውስጥ ጣትዎን ያሳልፉ። አቧራ ከነካዎት ገንዘቡ የት መሄድ እንዳለበት ታወቀ።

ባጃጅ ያላችሁ ደግሞ ፍትጊያ ቀናሽ ፈጽሞ አትጨምሩ። የባጃጅ ፍሪሲዮን በዚያው በሞተሩ ዘይት ውስጥ የተነከረ ነው፤ ዘይቱ ከመጠን በላይ ከለሰለሰ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።

ማንጠባጠብ የሚያቆመውና የሚያጥበው

ከአራቱ ለማንጠባጠብ ማቆሚያው ትንሽ እራራለታለሁ። የደረቀ ጎማን ያለሰልሳል፣ ጥቂት ያሳብጣል። ለመቀየር ካምቢዮ ማውረድ የሚጠይቅ ቦታ ላይ ቀስ ብሎ የሚያለቅስ ጎማ ካለ አንድ ጊዜ መሞከሩ ያስኬዳል። ለተቀደደ ጓርኒሲዮን (በብረቶች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) እና ለላላ ብሎን ግን ምንም አይፈይድም። ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ ሳያውቁ አይግዙት፤ ላቫጆ ወስደው ሞተሩን ያሳጥቡ፣ ሁለት ቀን ይንዱ፣ ከዚያ ይዩት። ከላይ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ዙሪያ ከሆነ ጓርኒሲዮኑን መቀየር ቀላል ሥራ ነው።

ማጠቢያው ዘይቱ ከመፍሰሱ በፊት ተጨምሮ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ 10 ወይም 15 ደቂቃ እየሠራ የሚቆይ ነው። ዘይቱ በጊዜው ለሚቀየርለት ሞተር አያስፈልገውም። ለዓመታት ለተረሳ ሞተር ደግሞ ያስፈራል፤ የተቆረሰው ዝቃጭ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ዘይቱ የሚጠራቀምበት ዕቃ) ውስጥ ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ከደፈነ ሞተሩ ያለ ዘይት ይቀራል። ከዚህ ይልቅ ጥሩ ዘይት ሞልቶ በ1,000 ኪሎ ሜትር መቀየርና ያንኑ መድገም ቀስ እያለ ያጸዳዋል። ፊልትሮውም አብሮ ይቀየር።

የድሮ ቮልስ ያላቸው ሰዎች ለእኛ ሞተር ግን የዚንክ ጠርሙስ ያስፈልጋል የሚል ክርክር አላቸው፤ እውነትም አላቸው። የቮልስ ሞተር የዚንክና የፎስፈረሱን ሽፋን አብዝቶ ይፈልጋል፤ በዘመናዊ ቀጫጭን የቤንዚን ዘይቶች ውስጥ ግን በጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ጭስ ማጣሪያ እንዳያበላሽ ሲባል ፎስፈረስ ከመቶ 0.08 እንዳያልፍ ተገድቧል። ይህ ገደብ እንደ 10ደብሊው30 ያሉትን ይመለከታል እንጂ 20ደብሊው50ን አይነካም። ስለዚህ የቮልስ ባለቤትም ቢሆን ከመደርደሪያው ጠርሙሷን ሳይሆን ትክክለኛውን ጣሳ ቢያነሳ ይበቃዋል።