«የሥራ ቀጣይነት ዕቅድ» የሚባል ጥቅል ልትገዙ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ለድርጅቶች እየዞሩ የሚሸጡት አንድ ጥቅል አለ። ሰርቨራችሁ ቢበላሽ፣ ቢቃጠል፣ በቫይረስ ቢመታ ሥራችሁ ለአንድ ሰዓት እንኳን አይቆምም ይሏችኋል። ወፈር ያለ ሰነድ፣ በየቀኑ የሚወሰድ ባክአፕ (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) እና በፍሬም የገባ ሰርተፍኬት አብሮ ይመጣል። እኔ የምሠራበት ድርጅት ገዝቶ ጉድ ሆኗል። የሻጩን ስም አልጠራም። አሻሻጡን ግን ልንገራችሁ፣ ሌላ ስም ይዞ እናንተም ጋ መምጣቱ አይቀርም።

ከሰነዱ ልጀምር። እኛ የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋዮች ነን። ዕቅዳችን ውስጥ ግን «የሕሙማን ካርድ ሲስተም በቅድሚያ ይነሳ» የሚል መስመር አለ። የሌላ ደንበኛ ሰነድ ላይ ስማችንን ለጥፈው ነው የሸጡልን። በዚያ ላይ አደጋ ሲደርስ ለማን እንደሚደወል የሚናገረው ገጽ የሚገኘው በዚያው ሰርቨር ላይ ብቻ ነበር። ሰርቨሩ ሲሞት ስልክ ቁጥሩም አብሮ ሞተ።

ዋናው ሽወዳ ያለው ግን ባክአፑ ላይ ነው። በየማለዳው «ባክአፕ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» የሚል ኢሜይል ከአረንጓዴ ምልክት ጋር ይደርሰናል። የቸገረን ቀን ተከፍቶ ሲታይ ፎልደሮቹ በሙሉ አሉ፣ የሂሳቡ ዳታቤዝ ግን የለም። ዳታቤዙ ሌሊትም ክፍት ስለሆነ ሶፍትዌሩ «ፋይሉ ተይዟል» እያለ ሲዘለው ኖሯል። ሻጩን ስንጠይቅ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ባክአፕ እንወስዳለን አልን እንጂ መመለሱ በውሉ የለም፣ እሱ ለብቻው ይከፈላል።» ውሉን ገልጠን አየነው። እውነቱን ነው፣ «መመለስ» የሚል ቃል አንድም ቦታ አልተጻፈም።

ባክአፕ አለ ማለት ዳታው ይመለሳል ማለት አይደለም። ትልልቆቹም በዚህ ተመትተዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 የፕሮግራመሮችን ኮድ በሚያስቀምጠው ጊትላብ ውስጥ አንድ መሐንዲስ ዋናውን ዳታቤዝ በስህተት ሰረዘው። ባክአፑ ሲፈለግ የለም። ባክአፑን የሚወስደው ፕሮግራም ከዳታቤዙ ጋር የማይገጥም የቆየ ቨርዥን ስለነበር ለካ ሲከሽፍ ነው የከረመው። መክሸፉን የሚናገሩት ኢሜይሎችም ተቀባዩ ዘንድ ሳይደርሱ ይጣሉ ነበር። ያዳናቸው ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ ተብሎ በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው። ጉዳቸውን ሳይደብቁ በዝርዝር መጻፋቸውን ግን አከብርላቸዋለሁ። የእኛ ሻጭ ስልክ ማንሳት እንኳን አቃተው።

«ዳታችሁ ክላውድ ላይ ነው፣ አትስጉ» ሲሏችሁ ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንባችሁ። የት ዳታ ሴንተር (ሰርቨሮቹ ያሉበት ሕንፃ)? በማን አካውንት? ብላችሁ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ውስጥ ሰርቨር የሚያከራየው የኦቪኤች ኩባንያ ዳታ ሴንተር ተቃጠለ። ዋናውንም ባክአፑንም እዚያው ያስቀመጡ ደንበኞች ሁለቱንም አጡ። ኮድ ስፔስስ የሚባለው ድርጅት ታሪክ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሰርጎ ገብ የአማዞን ክላውድ መቆጣጠሪያ አካውንታቸውን ያዘ። ባክአፑ በዚያው አካውንት ሥር ስለነበር አብዛኛውን ከዋናው ዳታ ጋር ጠራርጎ አጠፋው። ድርጅቱም በዚያው ተዘጋ። ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁት የዛሬዎቹ ራንሰምዌሮችም መጀመሪያ የሚያነፈንፉት ባክአፑን ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ቅጂ ሌላ ቦታ፣ ዋናው ፓስወርድ የማይከፍተው ሆኖ መቀመጥ አለበት።

በቁጥር ሲያደናግሯችሁም ንቁ። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። ሲስተሙ ለስንት ሰዓት ይቆማል? የስንት ሰዓት ሥራ ይጠፋል? ሻጮች ሁለቱን ደባልቀው ያወራሉ። ባክአፑ በቀን አንዴ ሌሊት የሚወሰድ ከሆነ ማምሻውን አደጋ ሲደርስ የቀኑ ሥራ በሙሉ ገደል ገባ ማለት ነው። «ምንም ዳታ አይጠፋም» የሚለው ብሮሹር ላይ ብቻ ይቀራል። «ሲስተሙ 99.9 በመቶ ጊዜ ይሠራል» የምትለዋም ቁጥር በዓመት ከ8 ሰዓት ተኩል በላይ መቆምን ትፈቅዳለች። ከዚያ ቢያልፍ የሚከፈላችሁ ካሳ ብዙ ጊዜ ከወር ክፍያው ላይ የምትቀነስ ትንሽ ነገር ናት እንጂ የከሰራችሁትን አይሸፍንም።

ሰርተፍኬቱ? አይኤስኦ 22301 የሥራ ቀጣይነት አመራር መስፈርት ነው፣ የተከበረም ነው። ግን የሻጩ ሰርተፍኬት የሚናገረው ስለ ሻጩ አሠራር ነው። የእናንተን ዕቅድ ማንም አልመረመረውም።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር አስደርጉ። ባዶ ኮምፒውተር አቅርቡና የትናንቱን ባክአፕ እዚያ ላይ ፊታችሁ ይመልሱት። ሰዓት ያዙባቸው። አይቲ ክፍሉ «ተነስቷል» ሲል አትመኑ፣ የሂሳብ ሠራተኛዋ ቁጭ ብላ የትናንቱን ደረሰኝ ፈልጋ ታውጣ። ደረሰኙ ከወጣ ሲስተሙ ተመልሷል። ይህ ሙከራ በየስንት ጊዜው እንደሚደገምና ወጪው በማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። ከክፍያውም የተወሰነው የመጀመሪያው ሙከራ እስኪያልፍ ይቆይ። «እንዲህ ዓይነት ሙከራ አንሠራም» ካሉ ሸኟቸው።

ሌላው የምስጠራ ቁልፉ፣ ማለትም የተቆለፈውን ፋይል የሚከፍተው ኮድ ነው። ቅጂው ተመስጥሮ ከተቀመጠ፣ መመስጠሩም ተገቢ ነው፣ ቁልፉ እናንተም እጅ ይግባ። ውሉ ሲቋረጥ ዳታችሁን በስንት ቀን፣ በምን ዓይነት ፋይል እንደሚያስረክቡም አስጽፉ። እኛ ይህ አልተጻፈልንም። የሂሳብ ክፍላችን ከታተሙ ደረሰኞች ላይ አንድ በአንድ እየመዘገበ ነው። የቀሩት ፋይሎቻችን ደግሞ ሻጩ ጋ ተቆልፈው ተቀምጠዋል፣ ቁልፉን ለመስጠት «የመዝጊያ ክፍያ» እየጠየቀን ነው።