አሮጌ ቤትና የደብረ ብርሃን ቧንቧ ሠራተኞች

ደብረ ብርሃን ላይ ቧንቧ ሠራተኛ ለማግኘት ብዙ መንከራተት የለም። የሕንጻ መሣሪያ ከሚሸጥበት ሱቅ ጎራ ብሎ «ሰው አላችሁ?» ማለት ይበቃል፤ ባለሱቁ ይደውላል፣ ልጁ ቦርሳውን አንግቶ በባጃጅ ከች ይላል። ቤቱ አዲስ ብሎኬት ከሆነ ሥራው ባብዛኛው ደህና ነው። ጣጣው የሚጀምረው ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ መስመሩ ደግሞ ሊሾ ሥር የተቀበረ የቆየ የብረት ቧንቧ ሲሆን ነው። ይህ ግምገማም ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ነው።

መጀመሪያ የሚመሰገኑበትን እናንሳ። ፒፒአር በሚባለው፣ በሙቀት በሚያያዘው የፕላስቲክ ቧንቧ ብየዳ ላይ እጃቸው ጥሩ ነው። ማሽኑ 260 ዲግሪ ይደርሳል፤ 20 ሚሊ ቧንቧ 5 ሰከንድ፣ 25 ሚሊ 7፣ 32 ሚሊ 8 ሰከንድ ይሞቃል፤ ከዚያ ሳይጠማዘዝ ቀጥ ብሎ ይገባል። ይህን አብዛኞቹ ሳይቆጥሩም እጃቸው ለምዶታል። የሚረሱት ብርዱን ነው። ከተማዋ ያለችው ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ ውርጩ ገና ሣሩ ላይ እያለ ውጭ የሚበየድ ቧንቧ ከተለመደው ጊዜ ግማሽ ያህል ተጨምሮለት መሞቅ ይፈልጋል። 5 ሰከንዱ 7 ወይም 8 ይሆናል ማለት ነው። አለበለዚያ የያዘ ይመስልና ውሃው በፈረቃ ተለቆ ግፊት ሲመጣበት ያንጠባጥባል። ፀሐይ እስኪሞቅ ጠብቆ የሚጀምር ሠራተኛ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። አብዝቶ አሙቆ በኃይል የሚገፋ ደግሞ ሌላ ጥፋት ያጠፋል፤ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ቀለበት ሠርቶ መተላለፊያውን ያጠበዋል። ከውጭ ግን ያማረ ብየዳ ነው። ጥርጣሬ ካለ ከመጀመሪያዎቹ ብየዳዎች አንዱን በመጋዝ ለሁለት አስቆርጦ ማየት ነው፤ የሚከስረው የአንዲት የቧንቧ ማገናኛ ሶኬት ዋጋ ነው።

አሮጌው ብረት ላይ ሲደርሱ ግን ብዙዎቹ ይወድቃሉ። የብረት ቧንቧ የሚያልቀው ከውስጥ ነው። የዚንክ ሽፋኑ ከተበላ በኋላ ዝገቱ እየተቆለለ ይሄድና ግማሽ ኢንች የነበረው ቧንቧ ሲቆረጥ ቀዳዳው እርሳስ እንኳ የማያሳልፍ ሆኖ ይገኛል። ከሁሉ የሚሳሳው እየዞረ የሚገጥምበት ጥርሱ ጋ ነው፤ ጥርስ ሲወጣለት ውፍረቱ ተቀንሷልና። ሠራተኛው የሚያንጠባጥበውን ኤልቦ፣ ማለት የማጠፊያውን መገጣጠሚያ፣ በአንድ መፍቻ ይዞ ሲያዞር ኃይሉ ግድግዳው ውስጥ ወዳለው ቀጣይ መገጣጠሚያ ይሄዳል። ያኛው ለዓመታት ዝገቱ ራሱ ደፍኖት የኖረ ነው፤ አንዴ ከተነቃነቀ አለቀለት። ኩሽናው ይደርቃል፣ ሰውየው ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፣ ከቀናት በኋላ የመኝታ ቤቱ ልስን ማበጥ ይጀምራል፣ ጭቃው ይረጥባል፣ ማገሩም ይበሰብሳል። ስለዚህ ቦርሳውን ሲከፍት ይታይ፦ ሁለት የቧንቧ መፍቻ ከሌለው አሮጌ ቤት ባይነካ ይሻላል። አንዱ አሮጌውን ጨምድዶ ይይዛል፣ ሌላው ያዞራል።

አሮጌው ከአዲሱ የሚገናኝበት ቦታ ሌላው መለያ ነው። ጥሩ ሠራተኛ ብረቱን ደህና ግድግዳ ያለው እስኪያገኝ ድረስ ወደኋላ ይቆርጣል፣ አዲስ ጥርስ ያወጣል፣ የነሐስ ጥርስ ባለው የፒፒአር ማገናኛ ያያይዘዋል፣ ነገ የሚፈታበት ዩኒየንም ያስገባል። ያረጀ ጥርስ ላይ ተፍሎን ብቻ ጠቅልሎ የሚሄድ አለ፤ እዚያ ላይ ቃጫ ከማሸጊያ ቅባት ጋር የተሻለ ይይዛል። መገናኛው ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ መለሰን የለበትም። ክዳን ባለው ትንሽ ጉድጓድ ወይም በሚታይ ቦታ ይሁን።

እዚህ ላይ አንድ የልኬት ስህተት እየተደጋገመ ያጋጥማል። ግማሽ ኢንች ብረትን በ20 ሚሊ ፒፒአር መተካት «ያው ነው» ይባላል። ያው አይደለም። 20 ሚሊ የሚባለው የውጭ ስፋቱ ነው፤ ለሙቅ ውሃ የሚሆነው ወፍራሙ ዓይነት የውስጥ ቀዳዳው 13.2 ሚሊ ብቻ ነው። አዲስ ግማሽ ኢንች ብረት ግን ወደ 16 ሚሊ ይሰፋል። ስለዚህ ከቆጣሪው የሚነሳው ዋናው መስመር 25 ሚሊ ይሁን፣ ቀዳዳው 16.6 ነው፤ 20 ሚሊው ወደ እያንዳንዱ ቧንቧ ለሚገነጠለው ቅርንጫፍ ይበቃል። ግፊቱ ደካማ በሆነበት ሰፈር ልዩነቱ ሻወር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ምርመራ ላይ አገልግሎቱ ደካማ ነው ብንል አልተሳሳትንም። «ውሃ አነሰኝ» ሲባል መሮና መዶሻ የሚያነሳ ይበዛል። ግድግዳ ከመነካቱ በፊት ግን ፈተናው ቀላል ነው። ውሃ ባለበት ሰዓት 20 ሊትር ጀሪካን ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ቧንቧ፣ ቀጥሎ ከኩሽናው ሞልቶ ጊዜውን መያዝ። ግቢው 1 ደቂቃ፣ ኩሽናው 4 ደቂቃ ከፈጀ መሐሉ ተዘግቷል። ሁለቱም ቀርፋፋ ከሆኑ ነገሩ ከቆጣሪው ወዲያ ነው፤ እሱ የከተማው ውሃ አገልግሎት ሥራ ነው፣ የቆጣሪውን ማኅተም የሚነካካ ሠራተኛ ጣጣ ይዞ ይመጣል። በስውር ለሚያፈስ መስመር ደግሞ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግቶ የቆጣሪውን ትንሿን ጎማ ማየት ነው። ከዞረች የሆነ ቦታ ይፈሳል፤ ወደ ቤት የሚገባው ቫልቭ ተዘግቶም የምትዞር ከሆነ ፍሳሹ ግቢው ውስጥ ነው፣ ሊሾው አይሰበር። ይህን ሳያደርግ ሊሾ የሚሰብር ሰው የሚሰብረው በግምት ነው።

ከሁሉ የከፋው ፍሳሽ ነው። ወደ አሮጌ ቤት ኩሽና ወይም መታጠቢያ ሲጨመር ቧንቧው በአብዛኛው ወደ ቀድሞው ጉድጓድ በአጭሩ ይወረወራል። ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግደው ጥምዝ ቧንቧ፣ ሲፎኑ፣ ይዘለላል፤ ቤቱ መሽተት ሲጀምር ጉድጓዱ ይታማል። ሥራው የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፦ ለላቫንዲኖ 50 ሚሊ፣ ለመጸዳጃ 110 ሚሊ ፒቪሲ፣ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ያህል ቁልቁለት፣ ሹል ኤልቦ በሚገባበት ቦታ ሁለት ባለ 45 ዲግሪ፣ ጣሪያ የሚያልፍ የአየር ማውጫ። በዓይን ብቻ ለክቶ የሚዘረጋውን በውሃ ልክ ማስፈተሽ ነው። የአበሻ ኩሽና ደግሞ የራሱ ጠላት አለው። የጠላ አተላ፣ የቡና ዝቃጭና ቅቤ ሲገናኙ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ቅቤው ቧንቧው ውስጥ ቶሎ ይረጋና ሌላውን ይዞ ይቀመጣል። አሲድ የሚያፈስ ሠራተኛ ለጥቂት ጊዜ ያስተነፍሰዋል፤ መክፈቻ ክዳን የሚገጥም ግን ለዘለቄታው ይገላግላል። የፍሳሽ ጉድጓድ ከጭቃው ግድግዳ ሥር መቆፈሩም ያስከፍላል፤ መሠረቱ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ከሆነ ርጥበቱን ይስበዋል።

ቦይለርና ሮቶ ላይ ጥቂት ብቻ። 50 ሊትር ቦይለር ሲሞላ ውሃው ብቻ 50 ኪሎ ነው፤ ጭቃ ላይ የፕላስቲክ መሰኪያው ፊሸር አይዝም። ከወለል የሚነሳ የብረት መቆሚያ፣ ወይም ግድግዳውን በስቶ ከጀርባ በብረት ሳህን የሚታሰር ቡሎን ያስፈልጋል። 1,000 ሊትር ሮቶ አንድ ቶን ነው፤ የአሮጌ ቤት ጣሪያ አይችለውም፣ ከግድግዳው የተለየ የራሱ መሠረት ያለው መቆሚያ ይሠራለት። 3 ሜትር ከፍታ 0.3 ባር ብቻ ስለሚሰጥ፣ ግፊት ለሚፈልግ ሻወር ፓምፕ ሊያስፈልግ ይችላል። ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቼክ ቫልቭ ካልገባ ደግሞ ፈረቃው ሲዘጋ የሞላው ውሃ ወደ መስመሩ ተመልሶ ሊሄድ ይችላል።

ብዙ ሠራተኞች የማያነሱት አንድ አደጋ አለ። አንዳንድ አሮጌ ቤቶች የኤሌክትሪኩን የመሬት ሽቦ ከብረት ቧንቧው ጋር አስረው ነው የኖሩት። መሐል ላይ ፕላስቲክ ሲገባ ያ መንገድ ይቋረጣል፤ ቦይለሩ ያለ መሬት ሽቦ ይቀራል፣ ሻወሩም ሊነዝር ይችላል። ብረቱ ከመቆረጡ በፊት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አይቶ ለብቻው የመሬት ሽቦ ይዘርጋ።

ዋጋን በተመለከተ በእጅ ዋጋ መስማማት ለአሮጌ ቤት ይሻላል። ሙሉ ኮንትራት የያዘ ሰው የበሰበሰውን ብረት ወደኋላ በቆረጠ ቁጥር ከኪሱ ስለሚወጣ መቁረጡን ቶሎ ያቆማል። ባለቤቱ እቃውን ራሱ ይግዛ፣ ለምርመራው ለብቻ ይከፈል፣ የመጨረሻው ክፍያ ደግሞ ቧንቧዎቹ ሁሉ ተዘግተው መስመሩ በሙሉ ግፊት ካደረና የትም እንዳላንጠባጠበ ከታየ በኋላ ይሁን፤ ልስንም ከዚያ በፊት አይነካ። የቀበሌ ቤት ከሆነ ግድግዳ ከመበሳቱ በፊት አከራዩን መጠየቅ አይረሳ።

ሸዋ ሮቢት ላለ ሰው ከዚህ ከፊሉ ይቀየራል፤ ወደ 1,280 ሜትር የወረደ ሞቃት ቦታ ስለሆነ ውርጭ የለም፣ ፀሐይ ላይ የተጋለጠ ፒቪሲና ፒፒአር ግን እየተሰባበረ ያልቃል፣ መሸፈን አለበት። ደብረ ብርሃን ላይ የሚሸፈነው በውጭ ግድግዳ የሚሄደው ቧንቧ ነው፤ ስፖንጅ ማልበሻው ከኅዳር በፊት ይገባ። ለገናና ለጥምቀት ሳምንት ሠራተኛ አይቀጠር፣ ሁሉም በአንዴ ነው የሚፈልጋቸው፤ የሚመጣውም በጥድፊያ ነው የሚሠራው።