ቴክኒሺያኑ አሁን በባጃጅ ይመጣል

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ የግንባታ ዕቃ መደብር አለኝ። የሽያጭና የስቶክ ሲስተማችንን የገዛነው ከአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ነው። ሲስተሙ ክፉ አይደለም። ያስመረረን ሰው ማጣት ነበር። ትደውላለህ፣ «ቴክኒሺያን እንልካለን» ይሉሃል፣ በቃ ጠብቅ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለአንድ ፕሪንተር ማን ይመጣል?

ዘንድሮ እዚሁ ቢሮ ከፍተው የከተማውን ልጆች ቀጠሩ። ለውጡ ወዲያው ታየ። ሐሙስ ዕለት፣ ገበያው በደራበት ሰዓት፣ ደረሰኝ ማተሚያው ባዶ ወረቀት መትፋት ጀመረ። ከቀጠሯቸው ቴክኒሺያኖች አንዷ፣ አንዲት ልጅ፣ በባጃጅ ከተፍ አለች። ክዳኑን ከፈተች፣ ሮሉን ገልብጣ መለሰችው፣ አለቀ። ለካ ይህ ወረቀት የሚያትመው በአንድ ፊቱ ብቻ ነው! በጥፍሯ ጫር አድርጋ አሳየችን፤ የሚጠቁረው ፊት እሱ ነው። ከዚያ ለመጋዘን ሠራተኛችን በሲዳምኛ ደግማ አስረዳችው። እሱ እስከዛሬ እሺ እሺ እያለ ነበር እንጂ ግማሹም አልገባውም።

የማይዋጥልኝ ግን አለ። ልጆቹን ቀጥረው ሥልጣን ነፍገዋቸዋል። የይለፍ ቃል ለመቀየር እንኳን አዲስ አበባ ይደወላል። ልጅቷም እንደኔው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሙዚቃ ትሰማለች። ታዲያ ቢሮ መክፈቱ ምኑ ላይ ነው? የአገልግሎት ክፍያውን መጨመሩን ግን አልረሱትም።

ውሉን አድሻለሁ፣ ለስድስት ወር ብቻ። ልጅቷን ሌላ ድርጅት ከወሰዳት ያኔ እናያለን።