የድንበሩ ምሽግ፦ ደሴ ላይ የተጫወትነው የቆየ ጀብዱ
እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጀግና ሆኖ፣ ታሪኩን በሚተርክ የጨዋታ መሪ እየታገዘ በምናብ ለሚጫወተው ለደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ጀማሪዎች ከተዘጋጁት ጀብዱዎች (ለጨዋታው መነሻ የሚሆኑ የታተሙ ታሪኮች) ሁሉ፣ በእኔ ግምት ከጨዋታው ፈጣሪዎች አንዱ ከሆነው ከጋሪ ጋይጋክስ «ዘ ኪፕ ኦን ዘ ቦርደርላንድስ» የሚበልጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው ይህ ቀጭን መጽሐፍ ጀግኖቹን በጠረፍ ካለ ምሽግ አስነሥቶ፣ ልዩ ልዩ የጭራቅ ነገዶች በየዋሻው ወደሚኖሩበት ሸለቆ ይመራቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚወስኑት ግን ተጫዋቾቹ ናቸው። የምሽጉ ነዋሪዎች የሚታወቁት በሥራቸው ብቻ ሲሆን ስም ማውጣቱ ለጨዋታው መሪ የተተወ በመሆኑ፣ ክረምቱን ደሴ ፒያሳ አካባቢ በወንድሜ ቤት ተሰብስበን ስንጫወት ነጋዴው ይመር፣ የበሩ ዘበኛም ሰይድ ተባሉልን፤ ምሽጉም የእኛው ሆነ። ዛሬ የሚወጡት ወፋፍራም መጻሕፍት ሁሉን አስቀድመው ስለሚተርኩ ይህን ነፃነት አላገኘሁባቸውም።

እጅግ የምወደው የወሬ ሠንጠረዡን ነው፤ ተጫዋቾቹ ከጉዞው በፊት የሚሰሙት እውነትና ሐሰት የተቀላቀለበት ስለሆነ፣ እንደ ሰኞ ገበያ ወሬ አመዛዝኖ መያዝን ይጠይቃል። በአንጻሩ ገና በመጀመሪያው የችሎታ ደረጃ ላይ ያሉ ጀግኖች በቀላሉ ስለሚሞቱ፣ መሪው ሽሽትና ድርድር እንደሚቻል አስቀድሞ ቢያስረዳ ይበጃል። ዲጂታል ቅጂውን ገዝቶ ለሚያሳትም ሰው፣ ሰማያዊው ካርታ በጥቁርና ነጭ ስለሚደበዝዝ በቀለም እንዲያስወጣው እመክራለሁ።