ቆርቆሮው ሳይመዘን አንድ ሚስማር እንዳይመታ!

ጣራ ልትቀይሩ ያሰባችሁ፣ አሮጌ የገጠር ቤት እያደሳችሁ ያላችሁ፣ በረት ወይም ዶሮ ቤት ልትሠሩ ቆርቆሮ የምታጠያይቁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ቀብድ አትክፈሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻጩ «ሙሉ ጥቅል» ብሎ ያቀርባል። ቆርቆሮው፣ ሚስማሩ፣ ማጓጓዣው፣ መትከያው ሁሉ በአንድ ዋጋ። ዋጋው ከሌላው ቦታ ቀነስ ይላል፤ ግን ሰው እስኪጠራጠር ድረስ አይወርድም። ናሙናው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ስታነሱት ይከብዳል፣ በጣት ስትጫኑት አይጎብጥም። «ይኸው ለኩት» ብሎ መለኪያውን ራሱ ያቀብላችኋል። ስትለኩት እውነትም 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ቤታችሁ ድረስ ተጭኖ የሚመጣው ግን ሌላ ቆርቆሮ ነው።

እኔ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። መኪናው የመጣው አመሻሽ ላይ ነው። አብረው የመጡት ሠራተኞች ዕቃውን አውርደው ሳይጨርሱ መሰላል አቁመው መምታት ጀመሩ። «ቆይ እንጂ፣ መጀመሪያ እንቁጠረው» ስል፣ «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ቶሎ ካልሸፈንነው እንጨቱ ይበላሽብዎታል» አሉኝ። ለእኔ የተጨነቁ ይመስሉ ነበር። የጣራው አንድ ጎን ተመትቶ ሲያልቅ አንደኛው ሠራተኛ ቆርቆሮውን ሲረግጠው አየሁ። ጉብታው እግሩ ሥር ተኛ። እግሩን ሲያነሳም አልተመለሰም፤ የጫማው ቅርጽ እዚያው ቀረ።

ያኔ ሥራውን አስቁሜ መሬት ላይ ከቀሩት ውስጥ አሥሩን እህል በምንመዝንበት ሚዛን ላይ ጫንናቸው። ክብደታቸው መሆን ከሚገባው በሩብ ያህል አንሶ ተገኘ። ለሻጩ ስደውልለት «ጋሼ፣ የተመታ ቆርቆሮ አይመለስም፤ ደረሰኙን ይመልከቱ» አለኝ። ደረሰኙ ላይ ያለው «ቆርቆሮ፣ አንደኛ ደረጃ» የሚል ብቻ ነው። ውፍረት የለም፣ የፋብሪካ ስም የለም። ከታች ግን በደቃቅ ፊደል «የተበሳ ዕቃ አንመልስም» ይላል።

አሁን ልብ በሉልኝ። እዚህ ጋ ማታለያው ቀጭን ቆርቆሮ መሸጡ ብቻ አይደለም። ዋናው ችኮላው ነው። ነፃ መትከያ የተጨመረላችሁ ለእናንተ ታስቦ አይደለም። ሚስማር ገብቶ ቆርቆሮው እስኪበሳ ድረስ ጊዜ እንዳታገኙ ነው። ከተበሳ በኋላ የመመለስ መብታችሁ በተግባር አለቀ። ስለዚህ ሻጩ ማንም ይሁን፣ የቱንም ያህል ጨዋ ይምሰል፣ የሚሸጥላችሁና የሚመታላችሁ ሰው አንድ ከሆነ የርክክቡ ቀንና የሥራው ቀን ይለያይ። በመሃል አንድ ሌሊት ብቻ ይበቃል።

ስለ ጌጅም፣ ማለትም የቆርቆሮ ውፍረት ስለሚጠራበት ቁጥር፣ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። «ባለ 30 ነው»፣ «ባለ 28 ነው» ሲባል ሁላችንም የገባን ይመስለናል። ቁጥሩ ሲያድግ ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ያልተነገረን ነገር ግን የጌጅ መለኪያ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። በአሜሪካው የዚንክ ቅብ ቆርቆሮ መለኪያ 30 ጌጅ ማለት 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በእንግሊዙ የሽቦ መለኪያ ግን ያው 30 ቁጥር 0.315 ሚሊ ሜትር ነው። 28ም እንደዚሁ ነው፤ በአንዱ 0.475፣ በሌላው 0.376 ይሆናል። ሻጩ በአንዱ ዋጋ ነግሯችሁ በሌላው ቢያስረክባችሁ «28 ብዬ 28 ሰጥቻለሁ» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ስለዚህ በጌጅ አትስማሙ። በሚሊ ሜትር ይጻፍ።

ሚሊ ሜትሩም ቢሆን ማብራሪያ ይፈልጋል። «0.4» ሲባል የብረቱ ብቻ ነው ወይስ ከነዚንኩና ከነቀለሙ? ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ በሁለቱም ጎን ያለው ቀለም ተደምሮ 0.03 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊጨምር ይችላል። ለቀጭን ቆርቆሮ ይህ ትንሽ አይደለም። ሌላው፣ ጠርዙ ላይ አትለኩ። ሲቆረጥ ጠርዙ ላይ ትንሽ ሹል ነገር ይቀራል፤ መለኪያው እሱን ሲነካ ወፍራም ብሎ ያነብላችኋል። ገባ ብላችሁ ለኩ፤ ከአንድ ቦታም በላይ ይሁን። መለኪያውም የራሳችሁ ወይም የምታምኑት አናጢ ይሁን። ከመለካታችሁ በፊት ባዶውን ዘግታችሁ ዜሮ ላይ መሆኑን እዩ።

መለኪያ የለኝም የምትሉ አትጨነቁ። ሚዛን አይዋሽም። ስሌቱም ቀላል ነው። አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው፣ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ቆርቆሮ 7.85 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ስለዚህ የቆርቆሮውን ርዝመት በሜትር፣ ወርዱን በሜትር፣ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር አባዙና በ7.85 ምቱት። የሚወጣው ክብደቱ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ወርዱን ስትለኩ ሜትሩን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በአየር ላይ አትወጥሩት። ቆርቆሮው የታጠፈ ስለሆነ ክር ወይም የልብስ ሰፊ ሜትር ይዛችሁ እጥፋቱን እየተከተላችሁ፣ ጉብታውን ወጥታችሁ ስርጉዱን ወርዳችሁ ለኩ። ለምሳሌ እንዲህ ሲለካ ወርዱ 1 ሜትር ወጣ፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ነው እንበል። 0.4 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንዱ 9.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 0.3 ከሆነ ግን 7 ኪሎ ብቻ ነው። ልዩነቱ ከ2 ኪሎ ይበልጣል። አሥሩን አንድ ላይ ብትመዝኑ 94 እና 71 ኪሎ ነው፤ ይህን የትኛውም የእህል ሚዛን ይለየዋል። አንድ ሁለት ኪሎ ዝቅ ከፍ ቢል አትጣሉ፣ የፋብሪካ ልዩነት ሊሆን ይችላል። 20 ኪሎ ከጎደለ ግን ሌላ ዕቃ ነው የመጣላችሁ።

ስትመዝኑ ደግሞ ከላይ ያሉትን ብቻ አታንሱ። ከመሃል፣ ከሥር፣ ከየእሽጉ አውጡ። ወፍራሙን ከላይ ደርድሮ ቀጭኑን ከሥር ማድረግ አዲስ ዘዴ አይደለም።

ወደ ዚንኩ ልምጣ። ጣራው ስንት ዓመት እንደሚቆይ ከብረቱ ውፍረት ይልቅ የሚወስነው እሱ ነው። ዚንኩ ራሱ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ከዝገት ያድናል። ጫር ጫር ሲደረግ እንኳ ዙሪያው ያለው ዚንክ የተገለጠውን ቦታ ይከላከላል። ስለዚህ ዚንኩ የሚቆየው እንደ ብዛቱ ነው። ዜድ 275 የሚባለው ቆርቆሮ በአንድ ካሬ ሜትር፣ የሁለቱም ጎን ተደምሮ፣ 275 ግራም ዚንክ አለው። ይህ በየጎኑ 20 ማይክሮን ገደማ ነው (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው)። ዜድ 100 ደግሞ በየጎኑ 7 ማይክሮን ብቻ ነው። አዲስ ሲሆኑ ሁለቱም ያው ያብለጨልጫሉ፣ በዓይን መለየት አይቻልም። ተመሳሳይ ቦታ ላይ ሲሆኑ ግን ዜድ 100ው ዕድሜው የሌላው ሲሶ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ውፍረቱንና የዚንኩን መጠን ቆርቆሮው ጀርባ ላይ ያትሙታል። ጽሑፉ ከሌለ ወይም ተፍቆ ከጠፋ፣ የፋብሪካውን የጥራት ምስክር ወረቀት ጠይቁ። «ወረቀቱ ነገ ይመጣል» የሚል ሻጭ ቀሪውን ክፍያም ነገ ይውሰድ።

ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር የያዘ ቆርቆሮ ካያችሁ፣ ውሃ በመሃላቸው ገብቶ ተደራርበው ለረጅም ጊዜ ተቀምጠው ነበር ማለት ነው። ሳሳ ያለ ከሆነ በብሩሽ ይለቃል። ወፍሮ ከተጋገረ ወይም ቀይ ነጥብ ካሳየ ግን ዚንኩ እዚያ ቦታ አልቋል። አትረከቡት። እናንተም ከተረከባችሁ በኋላ መሬት ላይ አታስተኙት። ከመሬት አንስታችሁ፣ ወደ አንድ ጎን አዘንብላችሁ፣ አየር እንዲገባው አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ከብት ወይም ዶሮ ያላችሁ ሰዎች ይህችን በደንብ ያዙልኝ። ከእበትና ከሽንት የሚወጣው አሞኒያ ዚንክ ይበላል። በረት ጣራ ከውስጥ በኩል ቶሎ የሚዝገው ለዚህ ነው። ሻጩ «የ20 ዓመት ዋስትና አለው» ሲላችሁ «ለበረትም ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ የፋብሪካ ዋስትናዎች እንስሳ የሚያድርበትን ቤት አይሸፍኑም። አንዳንዱ ሻጭ ይህን እያወቀ ዝም ይላል። በቃል የተሰጠ ዋስትና ዋስትና አይደለምና፣ ለምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ጭምር ይጻፍ። ለበረት ደግሞ ከጣራው ጫፍ ሥር አየር ማስወጫ ሰፋ አድርጋችሁ ተዉ። ብዙ ነገር ይቀንሳል።

እርጥብ ሲሚንቶም ዚንክ ያቃጥላል። ግድግዳ ስትለስኑ ቆርቆሮው ላይ የተረጨውን ሳይደርቅ እጠቡት። በመዳብ ውህድ የታከመ እንጨት ላይም ቆርቆሮ በቀጥታ አይረፍ፤ በመሃል ውሃ የማያስገባ ነገር አንጥፉ።

ጥቅሉ ውስጥ ስለሚመጡት ሠራተኞችም አንድ ነገር ልበል። ቆርቆሮ ለመቆጠብ መደራረቡን ያሳንሳሉ። አንዱ ቆርቆሮ ከላይ ወደ ታች በሌላው ላይ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር መደረብ አለበት። ጣራው ብዙ ተዳፋት ከሌለው 20 እና ከዚያ በላይ ይሁን። በጎን በኩል አንድ እጥፋት ተኩል ይደረብ። ሚስማሩ ጉብታው ላይ ይመታ፣ ውሃ በሚወርድበት ስርጉድ ውስጥ አይሁን። የጎማ ወሸር ይኑረው። ግራይንደር ይዘው ጣራ ላይ ሲወጡ ደግሞ ዝም አትበሉ፤ ቆርቆሮ የሚቆረጠው በመቀስ ነው። የግራይንደሩ ሙቀት ዚንኩን ያቃጥለዋል፣ የሚረጨው የብረት ብናኝም በየወደቀበት ዝገት ይጀምራል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ተናድጄ ብቻ አይደለም። ትንሽ መሬት ላይ ለሚኖር ሰው ጣራ ማለት ብዙ ነገር ነው። ከሥሩ እህል አለ፣ ገለባ አለ፣ እንስሳ አለ። ውሃም ከእሱ ነው የሚመጣው። 60 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1,200 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ከዚያ ውስጥ ትንሽ ቢባክን እንኳ በርሜሉ ይሞላል። ያ ጣራ ያለ ዕድሜው ሲቀደድ የሚበላሸው ቆርቆሮው ብቻ አይደለም። ሰው ስንት ጊዜ ቆጥቦ ያሠራውን ነገር እንዲህ በአንድ ምሽት መዝረፍ ነውር ነው።

ስለዚህ ስትስማሙ ደረሰኙ ላይ ወይም ውሉ ላይ እነዚህ ይስፈሩ፦ የብረቱ ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ የዚንኩ መጠን፣ የፋብሪካው ስም፣ የአንዱ ክብደት፣ ብዛቱ። «ሲመዘን ጎድሎ ከተገኘ ሻጩ በራሱ ወጪ ይመልሳል» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ናሙናው ላይ ሁለታችሁም ፈርሙበትና ቁራጩን ይዛችሁ ሂዱ። ትልቁ ክፍያ ከሚዛኑ በኋላ ይሁን። እውነተኛ ነጋዴ በዚህ አይቆጣም፤ እንዲያውም ሚዛኑን ራሱ ያመጣል።

ቀድሞ ተመትቶባችሁ ያወቃችሁ ካላችሁ ጣራውን በችኮላ አታፍርሱ። የተቆረጡትን ጠርዞችና የተጫሩትን ቦታዎች ዚንክ ያለበት ቀለም ቀቡ። ጣራው ላይ መውጣት ካለባችሁ ማገር ያለበትን መስመር ተከትላችሁ፣ ጣውላ አንጥፋችሁ ሂዱ። መኪናውን፣ እሽጉን፣ የቆርቆሮውን ጀርባ ፎቶ አንሱ፤ ሲመዘን ከእናንተ ወገን ያልሆነ ሰው ቆሞ ይይ። ከዚያ በጽሑፍ ለሻጩ፣ ካልመለሰ በአካባቢያችሁ ለሸማቾች ጉዳይ ለሚመለከተው ክፍል አቅርቡ። የተረፈ ቆርቆሮ ካለ ለአጥርም ለምንም አትቁረጡት። ሳይነካ ይቀመጥ፣ የሚመዘነው እሱ ነው።