የሜሊሳ ክሬም ለከንፈር ምች፦ ሶስት ጊዜ ሞክሬው ያየሁት

ከንፈሩ ላይ ቶሎ ቶሎ ምች የሚወጣበት ሰው ይሄን ያንብብልኝ። እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የሚያሰቃየኝ፣ ጉንፋን ሲይዘኝ ወይ እንቅልፍ ሳጣ ወይ ፀሀይ ሲመታኝ በቃ ያችው ቦታ ላይ ነው የሚወጣው፣ የታችኛው ከንፈሬ በግራ በኩል ጥጉ ላይ። ለዚህ ብዬ ነው ሜሊሳ ከሚባል የናና ዘመድ ተክል ቅጠል ተጨምቆ የወጣ ኤክስትራክት ያለበት ክሬም የገዛሁት። ሶስት ጊዜ ተጠቀምኩበት፣ ሁለቴ ሰራልኝ አንዴ ግን ምንም አልፈየደልኝም፣ ያልሰራበት ምክንያት ሲገባኝ ነው ለመፃፍ የተነሳሁት።

የመጀመሪያው ቀን ማታ ላይ ከንፈሬን ነዘር ነዘር ሲያረገኝ፣ በመስታወት ሳየው ገና ምንም ነገር የለም፣ ወዲያው ቀባሁት። ከዛ በቀን 4 ጊዜ። በማግስቱ ትንሽ ቀላ ብሎ አበጥ አለ ግን ውሃ ሳይቋጥር በ4ኛው ቀን ጠፋ። ሁለተኛው ላይ ግን ጠዋት ስነሳ ውሃ የቋጠሩ ሶስት ትንንሽ ነገሮች ተደርድረው አገኘሁ፣ ቀባሁ ቀባሁ፣ ምንም! ፈነዳ፣ ቅርፊት ሰራ፣ ስስቅ ተሰነጠቀ፣ እንደድሮው አስር ቀን ፈጀብኝ። ሶስተኛው ላይ ገና ሲያሳክከኝ ስለደረስኩበት አንዲት ብቻ ወጥታ ቶሎ ደረቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምቹን የሚያመጣው ኸርፐስ ሲምፕሌክስ 1 የሚባለው ቫይረስ አንዴ ከገባ ከሰውነት አይወጣም፣ የፊት ነርቭ ስር ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ሲነቃ ነርቩን ተከትሎ ወደ ከንፈር ይወርዳል። እዛ ደርሶ ለመባዛት ሴሎቹ ላይ ተጣብቆ መግባት አለበት። ሜሊሳ ውስጥ ያለው ሮዝማሪኒክ አሲድና ሌሎቹ ንጥረ ነገሮች ደሞ የሚሰሩት እዚህች በሩ ላይ ነው፣ በላብራቶሪ ሲታይ ቫይረሱ ሴል ላይ ሳይጣበቅ ከደረሱበት ያግዱታል፣ ከገባ በኋላ ግን እዚህ ግባ የሚባል ነገር አያደርጉትም። አሲክሎቪር የሚባለው የተለመደው የምች መድሃኒት በተቃራኒው ሴሉ ውስጥ ገብቶ ነው የቫይረሱን መባዛት የሚያቆመው። ስለዚህ እኔ ሁለተኛው ጊዜ ላይ በሩ ከተሰበረ በኋላ ነበር ቁልፍ የያዝኩት ማለት ነው።

በሰው ላይም ተሞክሯል፣ በ1999 የታተመ ጥናት አለ፣ ምች የሚመላለስባቸው 66 ሰዎች ግማሾቹ የሜሊሳ ክሬም ግማሾቹ ባዶ ክሬም በቀን 4 ጊዜ ለ5 ቀን ተቀቡ፣ በሁለተኛው ቀን ማለትም በጣም በሚብስበት ሰዓት ሜሊሳ የተቀቡት ህመማቸው ቀለል ብሎ ነው የተገኘው። ትንሽ ጥናት ነው፣ ግን እኔ ካየሁት ጋር ይገጥማል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ካርቶኑ ላይ «ቫይረሱን ከስሩ ያጠፋል» ተብሎ ተፅፏል። ይሄ ውሸት ነው፣ በጣምም አናዶኛል! የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ህዝብ 3.8 ቢሊዮኑ ይሄን ቫይረስ ተሸክሟል ይላል፣ ከነርቭ ውስጥ ነቅሎ የሚያወጣ መድሃኒት ቢኖር እኮ ማንም አይሰቃይም ነበር። ደሞ ስንት ፐርሰንት ኤክስትራክት እንዳለበት አልፃፉም፣ ያ ጥናት ላይ የነበረው 1% ነው፣ እሱም ከ70 እጅ ቅጠል 1 እጅ ብቻ እስኪወጣ የተጠናከረ። እኔ የምቀባው ስንት እንደሆነ በምን ልወቅ?

ከክሬሙ ጋር ተያይዞ የሚሸጥ፣ ኩዌርሴቲን የሚባል የእፅዋት ንጥረ ነገር ያለበት «ፀረ ቫይረስ» ኪኒንም አለ፣ እሱን ግን አልገዛም። ላብራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ ቫይረስ የሚያግድ የእፅዋት ንጥረ ነገር በሽ ነው፣ ችግሩ ሲዋጥ ነው፣ ኩዌርሴቲን አብዛኛው ሳይለወጥ ደም ውስጥ አይገባም። የሚቀባ ነገር ግን የሚፈለግበት ቦታ ላይ ራሱ ያርፋል። አሜሪካ ውስጥ በ2006 በሀኪም ትዕዛዝ እንዲሰጥ የተፈቀደው የመጀመሪያው የእፅዋት መድሃኒትም፣ ከአረንጓዴ ሻይ ቅጠል የተሰራው፣ በቫይረስ ለሚመጣ የብልት ኪንታሮት የሚቀባ ቅባት ነው።

አጠቃቀሙ ላይ፣ ሽታው ሎሚ ሎሚ ይላል ደስ ይላል፣ ትንሽ ይቆጠቁጣል ግን ወዲያው ይተዋል። ክዳኑ ላላ ስለሆነ ቦርሳ ውስጥ ይፈሳል። በጣት አትቀቡት፣ በጆሮ ኮተን ቀብታችሁ ኮተኑን ጣሉት፣ ጣት ወደ ዓይን ይሄዳል ቫይረሱ ዓይን ከገባ ደሞ ብሌን ያቆስላል። ዓይናችሁ አካባቢ ከወጣ ወይ የሰውነት መከላከል አቅማችሁ የደከመ ከሆነ ክሬም ምናምን ሳትሉ ሀኪም ጋር ሂዱ። ምች ወጥቶባችሁ አራስ ልጅ እንዳትስሙ፣ ለጨቅላ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ከ5 3 ሰጥቼዋለሁ፣ ሁለቱን የቀነስኩት ለካርቶኑ ፅሁፍ ነው። ሲያልቅ ፐርሰንቱን የፃፈ ሌላ ሜሊሳ ካገኘሁ እሱን ነው የምገዛው፣ እስከዛ ግን ይሄኛው ትራሴ አጠገብ ነው ያለው፣ እኔን ሌሊት ነው የሚጀምረኝ።